ደብዳቤዎቼን ያሻገርሁ ጊዜ

ቄሰ ገበዙ ሱቄ ሲገቡ እስከ ጉልበታቸው ርሰው ነበር። መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው አሳለሙኝና፣ ወንበር ሳቀርብላቸው “ልብሴ ያበላሽብሃል” ብለው የገመድ ጥቅል ላይ ተቀመጡ። የጣና ሰው በሞተር ጀልባ ከመጣ የሚረጥበው ትከሻው ነው፤ ጉልበቱ ከረጠበ በታንኳ መጥቷል ማለት ነው። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ነገሩ ገባኝ።

“ሞተሩ?” አልኋቸው።

“ሞተሩ” አሉኝ።

እኔ ባሕር ዳር፣ ከወደቡ ብዙም ሳልርቅ፣ የጀልባ ዕቃ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ሞተር፣ መለዋወጫ፣ ገመድ፣ የዓሣ መረብ፣ ሲከፋም የፕላስቲክ ጀሪካን። የእሳቸውን ደሴት ሞተር የሸጥሁት እኔ ነኝ፤ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። በሽያጩ ቀን አንድ ቃል ወጣኝ። ነጋዴ በሽያጭ ቀን ብዙ ይናገራል፤ ደንበኛም ሰምቶ አብዛኛውን ይረሳል። የቤተ ክርስቲያን ሰው ግን ዳዊትን በቃሉ ሲይዝ ስላደገ መርሳት አልለመደም። “ይህ ሱቅ እስካለ ድረስ የዚህ ሞተር ዕቃ አይቸግራችሁም” ነበር ያልሁት። እሳቸው ይህን ቃል በዕለቱ ከለበስሁት ሹራብ ቀለም ጋር ይዘውታል።

“ባለፈው ሳምንት ምጥ የያዛትን ሴት በታንኳ አሻገርን” አሉኝ። “ቀዛፊው ይቀዝፋል፣ እኔ የገባውን ውኃ እጨልፋለሁ፣ እሷ ትጮኻለች። እናትም ልጅም ደኅና ናቸው፤ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባው። ግን ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሁለት ጊዜ አይለመንም።”

ደሴቱ ላይ ከገዳሙ ሌላ መንደር አለ። ያለው ጀልባ ያው የቤተ ክርስቲያኑ አንድ ጀልባ ነው፤ እህሉም፣ ታማሚውም፣ ወላዷም በእሱ ነው የሚሻገሩ። አዲስ ሞተር መግዛት ለእነሱ የሚታሰብ አይደለም። ደሴቱ ድረስ ሄዶ የነበረው የወደቡ መካኒክ ፈትቶ እንዳየው የተሰበረው ከታች ውኃ ውስጥ ያለው ጥርስ ነበር፤ ሌላው አካሉ ገና ጎረምሳ ነው። አንዲት ጥርስ ብትገኝ ሌላ አሥር ዓመት ይሠራል።

“ይኸ ቀላል ነው አባ” አልሁ። ነጋዴ ነኝ፤ ቀላል ያልሆነውንም መጀመሪያ ቀላል ነው እላለሁ።

በዚያው ቀን ሞተሩን ላመጣሁበት የውጭ አገር ኩባንያ ኢሜይል ጻፍሁ። በማግሥቱ መልስ መጣ። በዚያ ዓመት የተሠራው ሞተር ሁለት ዓይነት ጥርስ አለው አሉኝ፤ ለዓይን አንድ ናቸው፣ አንዱ ለሌላው ግን አይሆንም፤ ስለዚህ የሞተሩን ቁጥር ይላኩ። የተሰበረችውን ጥርስ አይቶ መለየት እንዳይቻል ደግሞ ተበልታ ተበልታ የአዛውንት ድድ መስላ ነበር።

ለመካኒኩ ደወልሁ። ቁጥሩ የተጻፈባት ትንሽ ቆርቆሮ ሞተሩ ራስጌ ላይ እንዳለች አውቃለሁ፤ በገዛ ዓይኔ ያየኋት ናት።

“ቆርቆሮዋስ አለች” አለኝ። “ዲያቆናቱ ለጥምቀት ጀልባውን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሲቀቡ ሞተሩንም አልማሩትም።”

“ፋቀዋ!”

“ፋቅሁት። ከቀለሙ ጋር ቁጥሩም ተፋቀ። የቀረችው ሰባት የምትመስል አንዲት ነገር ናት።”

መልሼ ለኩባንያው ጻፍሁ፤ ሞተሩ የእናንተ ነው፣ ቁጥሩ መዝገባችሁ ላይ የለም ወይ? መልሱ በጣም ትሑት ነበር። ቢሯችንን ስንቀይርና መዝገባችንን ወደ አዲስ ፕሮግራም ስናዛውር የቆየው አልተዛወረም፤ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ እባክዎ ከራስዎ መዝገብ ይፈልጉልን። ካታሎጋቸው ሽፋን ላይ ሕንፃቸውን አይቼዋለሁ፤ ፎቁን ቆጥሬ አልጨርሰውም። የእኔ ሱቅ ባለ አንድ በር ነው። ባለ ፎቁ ባለ አንድ በሩን መዝገብ ሲለምን ቆሜ አነበብሁት፣ ተቀምጬም ደገምሁት።

ኩራቴ ግን ቶሎ ቀዘቀዘ። ቁጥሩ እንዳለኝ አውቃለሁ። ሞተሩ ከሳጥኑ የወጣ ዕለት ቆርቆሮዋን አንብቤ ለዋስትና ብዬ ለኩባንያው በኢሜይል ልኬዋለሁ። ያለው ግን አሮጌው ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ከሱቁ ኋላ መረብ ተከምሮበት ተኝቷል። በወረቀት የገለበጥሁትንም የሐይቁ እርጥበት ከበላው ቆይቷል።

መረቡን አንሥቼ አቧራውን አራግፌ ብሰካው አልነሣም አለ። አንድ ጊዜ አጉረመረመ፣ ሁለተኛ ጠየቅሁት፣ ዝም። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

“እሱን ጣለውና ጠረጴዛውን ስጠኝ ብዬህ አልነበር?”

“ብለሽኝ ነበር።”

“ስንት ጊዜ?”

“ጠረጴዛውን ውሰጂው” አልኋት፣ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን አቅፌ በባጃጅ ወደ ፋሲሎ ሰፈር ሄድሁ።

ፋሲሎ ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ያላት ሴት አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ፣ አለቃዋ ማውሱን ገልብጦ ሲይዝ አይታ “እንዲህ ከሆነስ ለራሴ እሠራለሁ” ብላ የወጣች ናት። እንዲህ ያለውን ሰው አከብራለሁ። የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍታ ዲስኩን አወጣችና ከራሷ ጋር አገናኝታ አየችው።

“ዲስኩ በሕይወት አለ” አለችኝ። “ደብዳቤዎቹም አሉ። ችግሩ የሚያነባቸው የለም። ጋሼ፣ ይህ የኢሜይል ፕሮግራም እኮ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል።”

“እኔም ልወጣ ነው፤ ደብዳቤዎቼ ግን ገና ሥራ ላይ ናቸው።”

ሳቀችና አስረዳችኝ። አዲሱ ፕሮግራም የአሮጌውን ፋይል ከፍቶ ማንበብ አይችልም። በሁለቱ መሐል ግን አንድ መካከለኛ ፕሮግራም አለ፤ ከአሮጌው ይቀበላል፣ አዲሱ በሚያውቀው ፋይል አድርጎ ያስረክባል። እሱም ዛሬ ዛሬ ባለው ኮምፒውተር ላይ አይጫንም፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ብላ ያስቀመጠችው አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አላት። እኔ የምህንድስና ትምህርት የለኝም፤ ነገሩ ግን ወዲያው ገባኝ። ከመኪና ወደ ጀልባ ዕቃ ስታዛውር በቀጥታ አትወረውርም፤ መሐል ላይ ወደብ ያስፈልጋል። ይህን ስነግራት “ልክ ነው፤ ለተማሪዎች ባስተምር እንዲህ ነው የምላቸው” አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም። የእሷ አሮጌ ኮምፒውተር ፍላሽ አልቀበል ስላለ ፋይሎቹን በሲዲ ነበር ያሻገረቻቸው፤ መካከለኛው ፕሮግራም ሲከፍታቸው “ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል” እያለ ይመልሳታል። ማን ነው የያዘው? ሱቁ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። ግማሽ ቀን ተጨቃጨቀችው። ኋላ እንደ ደረሰችበት፣ ከሲዲ የሚገለበጥ ፋይል ሁሉ “ለማንበብ ብቻ” የሚል ምልክት ይዞ ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ሊጽፍበት የማይችለውን ፋይል አይነካም። ምልክቱን ከእያንዳንዱ ፋይል ላይ አነሣችለትና እሺ አለ።

“ከመቼ ወዲህ ያለውን ላምጣ?” አለችኝ። “ውስጡ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ከማን እንደ መጣ የማይታወቅ፣ ዓመቱም የተዘበራረቀ። አንድ መነሻ ዓመት ከሰጡኝ ከዚያ በፊት የሚለውን ሁሉ እዘለዋለሁ፤ ቆሻሻው አብሮ ይወጣል።”

ሱቁ የተከፈተበትን ዓመት ነገርኋት። ያውም በእኛ ዓመት ምሕረት ነግሬ እሷን ላደክማት አልፈለግሁም፤ በጭንቅላቴ ወደ ፈረንጅ ቀይሬ፣ ሰባቱን ዓመት ደምሬ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መሆኑንም አስተካክዬ ሰጠኋት። ዞር ብላ አየችኝ። በስሌት ተጎድቼ አላውቅም፤ ይህቺ የመጀመሪያዬ ናት። እሱን ግን ያን ቀን አላወቅሁም።

ማምሻውን ላይ ጠራችኝ። ወደ እኔ የመጡት ደብዳቤዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዲሱ ፕሮግራም ውስጥ ተሰልፈው ተቀምጠዋል። እኔ የላክኋቸው ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ብቻ ናቸው። ከዚያ በፊት ባዶ። ሞተሩ የመጣበት ዓመት ባዶ።

“የተላከው ፋይል አሮጌው ክፍል ተበላሽቷል ማለት ነው” አለችኝ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። “ዲስክ ሲያረጅ ይሆናል። አዝናለሁ ጋሼ።”

“ሁለተኛ ብትሞክሪውስ?”

“ሁለቴ ሞክሬዋለሁ። ያው ነው።”

ገንዘቧን ልከፍላት ብል “ዕቃው ሳይገኝ?” ብላ እንቢ አለች። ይህ ደግሞ ይበልጥ ከፋኝ፤ ነጋዴ ሂሳብ አልቀበልም ሲልህ በሽታህ ከባድ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ቄሰ ገበዙ ደወሉ። ደሴቱ ላይ ስልክ የሚይዘው አንድ ቋጥኝ ላይ ሲወጡ ብቻ ስለሆነ ነፋሱ አብሯቸው ይናገራል።

“ልጄ፣ ቁጥሩ ተገኘ?”

“እየፈለግን ነው አባ።”

“እኛም እየጸለይን ነው። አንተ ፍለጋህን እንዳትተው፤ እኛም ጸሎታችንን አንተውም፤ ከሁለቱ አንዱ ይደርሳል።” ቀጥለውም “ሌላ ሴት ደግሞ ወሯ ገብቷል” አሉኝ።

“ዕቃው አይቸግራችሁም” ያልሁበት ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው “አልቻልሁም” ቢለኝ አዝንለታለሁ፤ እኔ ራሴ “አልቻልሁም” ማለት ግን አላውቅበትም። ትምህርቴ የወደብ ነው። ልጅ ሆኜ ጀልባ የሚጠብቅ ቱሪስት ሳጅብ እንግሊዝኛውን ከአፋቸው ለቅሜ፣ ከካታሎግ ላይ ፊደሉን አጥንቼ ነው ደብዳቤ መጻፍ የጀመርሁ። ዲግሪ የለኝም። ያለኝ፣ ሸጬ የማላፍርበት ዕቃ ነው። ያ ሞተር ቆሞ ቢቀር ደግሞ ወላዷ በታንኳ ስትሻገር እኔ ምን ብዬ ሱቄን እከፍታለሁ?

ባለሙያዋ በፍላሽ የሰጠችኝን የመጡትን ደብዳቤዎች አዲሱ ኮምፒውተሬ ላይ ከፈትሁ። ምናልባት ከኩባንያው የሆነ ሰው ቁጥሩን መልሶ ጠርቶልኝ ይሆናል ብዬ አንድ በአንድ አነበብሁ። ያን ጊዜ የምትጽፍልኝ አንዲት የኩባንያው ጸሐፊ ነበረች፤ አጭር ነው የምትጽፈው። አብዛኛውን ጊዜ የእኔን ደብዳቤ ሙሉውን ከሥር አታስቀምጥም፤ ማን እንደ ጻፈና መቼ እንደ ጻፈ የሚያሳየውን ራስጌ ብቻ ታስቀራለች። በአንዱ ላይ ዓይኔ ቆመ። የእሷ መልስ የተጻፈበት ዓመት ከላይ አለ። ከሥሩ ያለው የእኔ ጥያቄ ዓመት ደግሞ ከዚያ በሰባት ዓመት ይቀድማል።

ሰባት ዓመት ቆይታ ነው የመለሰችልኝ? ስለ መረብ ክር ለተጻፈ ጥያቄ እንኳ ይህን ያህል አትቆይም።

ቀጣዩን ከፈትሁ፤ ሰባት ዓመት። ሌላውን፤ ስምንት። ሌላውን፤ ሰባት። ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ገመድ ሊገዛ የመጣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሳቄን ሲሰማ በሩ ላይ ቆመና “ዋጋ ቀነሰ እንዴ?” አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ኮምፒውተር የገዛሁ ጊዜ፣ አስነሥቼ ጥግ ላይ ያለውን ቀን ብመለከት ዓመቱም ወሩም ሰዓቱም ከእኛ ጋር አይገጥምም። ሻጩን ብጠይቀው “የፈረንጅ ነው፣ ተወው” አለኝ። ሱቄ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ የእኔን ቀን ሳይከተል እንዴት ይሆናል? የምሸጠው በእኛ ቀን፣ የምገዛው በእኛ ቀን፤ ቀጠሮ የምሰጠው “ከሚካኤል ማግሥት” እያልሁ፤ ኮምፒውተሩ ብቻውን ሌላ አገር ይኖራል? ስለዚህ በራሴ እጅ አስተካከልሁት። ዓመቱን ወደ እኛ መለስሁ። የመጀመሪያውን ወር መስከረም አደረግሁት፣ ሁለተኛውን ጥቅምት፣ እንዲህ እንዲህ እያልሁ እስከ ነሐሴ። ሰዓቱንም በስድስት መለስሁት። ማሽኑ ሠላሳ አንድ ቀን ሊቆጥር ሲል ጠዋት መጥቼ አንዷን እዘላለሁ፤ ሁለተኛው ወር ላይ በሃያ ስምንት ሊያልፍ ሲል አንቆ እይዘዋለሁ። ዓመታት ሙሉ በየወሩ እንዲህ አድርጌዋለሁ፤ አንድም ቀን ሳላዛንፍ። ባለቤቴ “ለዚያ ኮምፒውተር የምታደርግለትን ለእኔ ብታደርግ” ትለኝ ነበር።

ያስቸገረችኝ ጳጉሜ ናት። ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። መላ መታሁ፤ ነሐሴ ሠላሳ ሲያልቅ አሥራ ሁለተኛው ወር ላይ አንዲት ሠላሳ አንደኛ ቀን ትርፍ አለች። ጳጉሜን ሙሉ፣ አምስቱንም ስድስቱንም ቀን፣ ጠዋት ጠዋት ወደዚያች ቀን እየመለስሁ በአንዲት ቀን ላይ አቆምኋት። መስከረም አንድ ሲጠባ ለቀቅኋት።

እንግዲህ የላክሁት ደብዳቤ ሁሉ የተላከበት ቀን ተብሎ የተመዘገበው በዚህ ቀን ነው። ለባለሙያዋ በኩራት አስልቼ የሰጠኋት መነሻ ዓመት ደግሞ የፈረንጅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት ደብዳቤዎቼ በሙሉ “ሱቁ ሳይከፈት የተላከ ቆሻሻ” ተብለው ከበር ተመለሱ። ምንም የተበላሸ ነገር የለም።

ሱቁን ለባለቤቴ ትቼ ባጃጅ ያዝሁ። ባለሙያዋ ምሳዋን እየበላች ነበር።

“ልጄ፣ ያንን የዓመት መነሻ አንሺው።”

“ደግሞ ምን ተገኘ?”

“ደብዳቤዎቼ ደኅና ናቸው። ከበሩ ውጭ ቆመው ነው። ኮምፒውተሩን በእኛ አቆጣጠር ነበር የምሞላው።”

ጉርሻዋ መሐል ላይ ቆመ። “የኮምፒውተሩን ቀን?”

“ቀኑንም ሰዓቱንም።”

“ስንት ዓመት?”

“እስኪሞት ድረስ።”

“ማንም አልነገረዎትም?”

“ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ ቀኑን አይቶ ‘ልክ ነው’ ብሎ ነው የሚወጣው።”

እጇን ታጥባ ተቀመጠች። የዓመቱን መነሻ አጠፋችና ከአሮጌው ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ አዲሱ እንደገና አሳለፈችው። ስክሪኑ ላይ ያለችው አረንጓዴ መስመር እየረዘመች ስትሄድ ሁለታችንም ጠጋ ብለን ተከተልናት። ከዚያ የላክኋቸው ደብዳቤዎች ከላይ እስከ ታች መጡ።

“ጋሼ፣ ሁሉም ሦስት ሦስት ነው። ለምንድን ነው አንዱን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ የላኩት?”

ይህም መልስ አገኘ። ያቺ ጸሐፊ “ደብዳቤህ አልደረሰኝም” ስትለኝ ሰነፍ ናት እል ነበር፤ እስክትሰማ ድረስ ሦስት ጊዜ መላክ ልማዴ ሆነ። ለካ የእኔ ደብዳቤ ሳጥኗ ሲገባ በቀኑ ምክንያት ሰባት ዓመት ካለፈው ክምር ግርጌ ይቀበራል። ምስኪን። እሷ ከላይ ትፈልጋለች፣ እኔ ከታች ተቀብሬ እቆጣለሁ።

“የሞተሩ ደብዳቤ መቼ ነው የተላከው?” አለችኝ።

ይህንስ አልረሳውም። ሞተሩ ከጭነት መኪና የወረደ ዕለት ጳጉሜ ሦስት፣ ሩፋኤል ነበር። ዝናቡ የሩፋኤል ጠበል ነው ብሎ ሰፈሩ በሙሉ አስፋልት ላይ ወጥቶ ይጠመቃል፤ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ በጋቢ ቆመው አንጋጠዋል። ሳጥኑን የሚያወርዱልኝ ወዛደሮችም ትተውኝ ሊጠመቁ ሄዱ። ሞተሩ ከሳጥኑ ጋር ተጠምቋል ማለት ነው። እነሱ እስኪመለሱ ነው ቆርቆሮዋን ገልብጬ ደብዳቤውን የላክሁት።

“አሥራ ሁለተኛው ወር፣ ሠላሳ አንድ ብለሽ ፈልጊ” አልኋት።

“ከእኛ ወር ሠላሳ አንድ ቀን ያለው…” አለችና ቆመች። ቀስ ብሎ ፊቷ በራ። “ጳጉሜ ናት!”

“ጳጉሜ ናት።”

ከየዓመቱ ጥቂት ጥቂት የጳጉሜ ደብዳቤ ወጣ፤ ጳጉሜ ገበያ የለም፣ ማን ይጽፋል። ከሱቁ ሦስተኛ ዓመት ላይ የአንድ ደብዳቤ ሦስት ቅጂ ተደርድሯል። ከፈተችውና ጮክ ብላ አነበበች። እንግሊዝኛዬን ወደ አማርኛ ስትመልሰው እንዲህ ይላል፦ “የተከበሩ ጌታዬ፣ ሞተሩ መጣ። ጤንነቱ ደኅና ነው። ትንሽ ዝናብ መትቶታል፣ ግድ የለም። ቁጥሩ ይህ ነው።”

“‘ጤንነቱ ደኅና ነው’?” አለች፤ ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

“ታዲያ ደኅና አልነበረም? አሥራ አምስት ዓመት ሠርቷል። ቁጥሩን አንብቢ።”

“ሰባት፣ ዜሮ፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ዜሮ፣ ዘጠኝ።”

እዚያው ሆኜ ለመካኒኩ ደወልሁ። ቆርቆሮዋ ላይ የቀረችው ሰባት የምትመስል ነገር ከየት በኩል እንደሆነች ጠየቅሁት። “ከመጀመሪያው” አለኝ። ለባለሙያዋ ሂሳቧን ከነምሳዋ ከፈልሁ፤ አሁን ተቀበለችኝ።

“ቀኖቹን ላስተካክልልዎት?” አለችኝ። “አንድ ላይ ሰባት ዓመት መጨመር ይቻላል። አዲሱ ፕሮግራም ላይ በትክክሉ ይሰለፋሉ።”

“ትክክል ናቸው። እኔ የጻፍሁባቸው ቀን ነው” አልኋት። “ፎልደሩ ላይ ‘በእኛ አቆጣጠር’ ብለሽ ጻፊበት፤ ይበቃል።”

ቁጥሩን ለኩባንያው አንድ ጊዜ ብቻ ላክሁ። የአሁኑ ኮምፒውተር ቀኑን ራሱ ነው የሚሞላው፤ አይነካም። መልሳቸው በዚያው ቀን መጣ፤ ከምስጋናቸው ጋር፣ በዚያ ዘመን የተሸጡ የሌሎች ሞተሮች ቁጥር ካለኝ እንድልክላቸው በትሕትና ጠየቁ። አሉኝ። ሁሉም አሉኝ። ከጎንደር በኩል እስከ ዘጌ ድረስ የሸጥሁት ሞተር ሁሉ ቁጥሩ አለኝ። ላክሁላቸው። አሁን ያ ኩባንያ ስለ ጣና ሞተሮች የሚያውቀው ነገር ቢኖር ከእኔ የሰማውን ነው።

ጥርሷ ስትመጣ በመዳፍ የምትያዝ ነገር ናት። በሰው ከመላክ ራሴ ልውሰዳት ብዬ መካኒኩን ይዤ በኪራይ ጀልባ ደሴቱ ሄድሁ። ወሯ የገባው ሴት ቤቷ ደጅ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም አለፍሁ፤ ሆዷን አይቼ መካኒኩን “ፈጠን በል” አልሁት። መነኮሳቱም፣ መንደርተኛውም፣ ቀለም የቀቡት ዲያቆናትም ሳይቀሩ ዳር ላይ ተሰበሰቡ። መካኒኩ ጥርሷን ከተተ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ ገመዱን ሳበ። በሦስተኛው ተነሣ። ጀልባው ከዳር ለቅቆ አንድ ዙር ዞሮ ሲመለስ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔ ደግሞ ኮስተር ብዬ ቆምሁ፤ ሥራው የተለመደ ነው ለማለት ያህል።

ቄሰ ገበዙ ጠፍተው ነበር፤ ከዕቃ ቤት መዝገብ ይዘው መጡ። ለቤተ ክርስቲያኑ የገባ ዕቃ ሁሉ የሚጻፍበት ነው። ጃንጥላው፣ ደወሉ፣ መጋረጃው፣ ማን እንዳመጣው ጭምር።

“ቁጥሩን ንገረኝ። ከእንግዲህ ቀለም ቢቀቡት አልፈራም” አሉኝ።

ነገርኋቸው። በግዕዝ ቁጥር ሰባትን ጻፉና ብዕራቸውን አነሡ።

“ዜሮ” አልሁ ድጋሚ።

“ሰማሁ። ይህቺ በእኛ ቁጥር የለችም።” ጢማቸውን ያዝ አድርገው አሰቡና “አልቦ” ብለው በፊደል ጻፉ፤ የለም ማለት ነው። ከዚያ ሦስት፣ ሦስት፣ አልቦ፣ ዘጠኝ። አንብበው አረጋገጡ። ከሥሩ “ይህን ቁጥር ጠብቆ ያቆየ” ብለው የእኔን ስም ከነአባቴ አሠፈሩ፤ ደወሉን ካመጡት ሰው ስም ቀጥሎ።

መዝገቡን ወደ እኔ አዙረው ብዕሩን ሰጡኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስሜ የገባበት መዝገብ የግብር ቢሮው ብቻ ነበር። ይኸኛውን ግን ማንም ሳያስገድደኝ ፈረምሁ።